ቀይ ባንዲራውን ያላነሱት ሰው

የጋሽ በራሶን ማረፍ የሰማሁት ከባጃጅ ሾፌር ነው። ከዩኒቨርሲቲው ወደ ገበያው ስንወርድ በመስታወቱ አየት አደረገኝና፣ «መምህርት፣ የብስክሌቱ ሽማግሌ አረፉ እኮ፤ አልሰማሽም?» አለኝ። አልሰማሁም ነበር። እኔ ለፈተና እርማት ሐዋሳ በከረምኩበት ሳምንት ታመው፣ በዚያው ሳምንት ተቀብረዋል። «ነፍሳቸውን ይማር» ብቻ አልኩ። ሾፌሩ ግን ወሬው በዚህ እንዲያልቅ አልፈለገም። ልጅ ሳለ በአንድ የውድድር ቀን አስፋልት ሊያቋርጥ ሲል ጋሽ በራሶ ጆሮውን ይዘው ዳር እንዳወጡት፣ ከዚያ ወዲህ ግራና ቀኝ ሳያይ መንገድ ገብቶ እንደማያውቅ ተረከልኝ። ይህን ሁሉ የሚነግረኝ ወደ ኋላ ዞሮ እኔን እያየ ነበር።

ዲላ የመጣሁት ለጥቂት ጊዜ ብዬ ነው፤ እንደቀረሁ ቀረሁ። በነዚህ ዓመታት ብዙ የሥራ ባልደረቦች አፍርቻለሁ፤ የአብዛኞቹን ደግነት አልረሳም። ሳላስበው በሐሳቤ የሚመጡብኝ ግን አንድ ዓመት ብቻ አብሬያቸው የሠራሁት እኚህ ሰው ናቸው።

ረጅምና ቀጭን ነበሩ፤ ከወገባቸው ጥቂት ወደ ፊት ያዘነብላሉ። ቆመው እንኳ የብስክሌት መሪ የጨበጡ ይመስሉ ነበር። ጽሑፉ በእጥበት የጠፋ አረንጓዴ ኬፕ ከራሳቸው፣ ፊሽካም ከአንገታቸው አይለይም። ስብሰባ ላይ ሰው ነገር ሲያንዛዛ ፊሽካውን ቀስ ብለው ወደ ከንፈራቸው ያስጠጉታል። ነፍተውት አያውቁም፤ ተናጋሪው ግን ያሳጥር ነበር። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ለአንድ ክለብ ተወዳድረዋል ይባላል። ስለዚያ ዘመን ስጠይቃቸው የሚመልሱልኝ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «ብዙ ጊዜ ወድቄያለሁ፤ መንገዱን ከዚያ ነው የማውቀው።»

አፋቸውን የፈቱት በጌዴኦኛ ነው። አማርኛቸው ፈጣንና ግልጽ ቢሆንም ሴቱንም ወንዱንም፣ አንዱንም ብዙውንም በአንድ አንቀጽ ያስኬዱት ነበር፤ ሴት ሠልጣኞቻቸው ሁሉ ለእሳቸው «መጣ»፣ «ወጣ»፣ «ጎበዝ ነው» ነበሩ። እኔን ብቻ፣ ምናልባት አስተማሪ ናት ብለው፣ እየተጠነቀቁ «አንቺ» ይሉኛል።

እኔ የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ፤ ስለ ብስክሌት የማውቀው ነገር አልነበረም። ዩኒቨርሲቲው ለማኅበረሰብ አገልግሎት መምህራንን በየኮሚቴው ሲመድብ ለዞኑ የብስክሌት ኮሚቴ ጸሐፊ ሆኜ ተላክሁ፤ ሰብሳቢው ጋሽ በራሶ ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን ዓላማ፣ ግብና ዝርዝር ተግባር ያለው ዕቅድ አዘጋጅቼ አቀረብኩላቸው። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጡና፣ «መምህርት፣ ብስክሌት መንዳት ትችያለሽ?» አሉኝ።

«አልችልም» አልኩ፤ ትንሽም ቅር አለኝ።

«ጥሩ ነው። ልጆቹ ሲወድቅ አትስቂም።»

በዚያ ዓመት ብሔራዊው የብስክሌት ፌዴሬሽን ስፖርቱን ከለመዱት ከተሞች ውጭ ለማስፋት አስቦ ለጥቂት ዞኖች የውድድር ብስክሌት በውሰት ሰጥቶ ነበር። ስምምነቱ ግልጽ ነበር። ዞኑ የሴቶች ቡድን አቋቁሞ ያሠለጥናል፤ የካቲት ላይ አንድ የጎዳና ውድድር ያስተናግዳል። በዚያ ውድድር ከልጆቹ አንዷ እንኳ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ውስጥ ከገባች ቡድኑ በብሔራዊው መርሐ ግብር ይታቀፋል፤ ብስክሌቶቹም ለዞኑ ይቀራሉ። ካልገባች ግን ተራ ወደሚጠብቅ ሌላ ዞን ይሄዳሉ። ብስክሌቱ ጥቂት፣ ጠያቂው ብዙ ስለነበር በዚህ የሚቀየም ሰው አልነበረም። እኛም አልተቀየምንም፤ ፈራን እንጂ።

ብስክሌቶቹ በሐምሌ ዝናብ ገቡ። ከዲላ፣ ከወናጎና ከጨለለቅቱ ልጆች ተመረጡ። ከሁሉም ተስፋ የተጣለባት አስቴር ነበረች፤ ዲላ አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ የምትማር የጨለለቅቱ ገበሬ ልጅ፣ ሰው ሲያናግራት መሬት መሬት የምታይ፣ ዳገት ሲመጣ ግን ቀና የምትል። ጋሽ በራሶ ገና በመጀመሪያው ሳምንት አይተዋት፣ «ይኼ ልጅ ዳገት ይወዳል። ዳገት የሚወድ ሰው ደግሞ አይገዛም፤ ይወለዳል እንጂ» ብለውኛል።

የዚያ ዓመት ችግር ብዙ ነበር። ጎማ ሲተረተር የሚተካ አይገኝም፤ የውስጥ ጎማው፣ ከመነዳሪው፣ ከመጣፉ ብዛት መጣፊያው ከጎማው ይበልጥ ነበር፤ ሰንሰለት ሲበጠስ ሌላ ካቴና ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ልጆቹ በተራ ይነዳሉ። ከሁሉም የከፋው ግን መንገዱ ነው። የዲላ አስፋልት ወደ ሞያሌ የሚወጣና የሚወርደው መኪና ሁሉ የሚያልፍበት ነው፤ ኅዳር ሲገባ ደግሞ ቀይ እሸት ቡና የጫኑ አይሱዙዎች ይጨመሩበታል። እሸቱ በለቀሙት ቀን ካልተፈለፈለ ይበላሻልና ሾፌሩ ሁሉ ይቸኩላል። ወላጆች ልጆቻቸውን ማስቀረት ጀመሩ። እኔ ለትራፊክ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ላርቅቅ ስል ጋሽ በራሶ ልጆቹን በሙሉ ሚኒባስ ላይ አሳፍረው አሪቻ ወዳለ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ወሰዱን። አይሱዙዎቹ እሸታቸውን ለማራገፍ ተራ ይዘው ቆመዋል። ጋሽ በራሶ በየጋቢናው በር እየቆሙ ልጆቹን አንድ በአንድ ማስተዋወቅ ጀመሩ።

«ይኼ አስቴር ነው። አባቱ ጨለለቅቱ ነው። ይኼ ምሕረት ነው፤ የወናጎ ልጅ ነው።»

አንድ ሾፌር ከመሪው ላይ ተንጠልጥሎ ሳቀና፣ «ጋሽ በራሶ፣ ሙሽሮች ነው ወይስ ብስክሌተኞች ያመጡልን?» ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸው ሳይስቁ፣ «ሙሽራ ቢሆን ላንተ አላሳይም ነበር» አሉት። የተሰለፈው ሾፌር ሁሉ በሳቅ አወካ። ስንመለስ የዚህን ሥራ ትርጉም ጠየቅኋቸው።

«ስሙን የምታውቂውን ሰው አትገጪም» አሉኝ።

ደብዳቤውን ከዚያ በኋላ ብልክም፣ ከደብዳቤው ቀድሞ የተለወጠው የሾፌሮቹ ጠባይ ነበር። ከኋላ ሲደርሱ ፍጥነት ይቀንሳሉ፤ ሲያልፉም አንገታቸውን አውጥተው ልጆቹን በየስማቸው እየጠሩ «በርቺ» ይላሉ። ከወላጆቹም የሚበዙት ልጆቻቸውን መለሱ።

የአስቴር አባት አቶ ጎበና ግን ሌላ ምክንያት ነበራቸው። ቡናው ደርሷል፤ ልጄ ጎማ ላይ ስትቀመጥ ማን ይለቅማል ነው የሚሉት። ጋሽ በራሶ ሳያቅማሙ «እኔ» አሉ። ቀልድ መስሎን ነበር። ቅዳሜ ሲሆን ግን ኬፓቸውን እንደደፉ ጨለለቅቱ ወርደው፣ ቅርጫት ወገባቸው ላይ አስረው ለቀማ ገቡ። በሚቀጥለውም ቅዳሜ ሄዱ። እኔ የሄድኩት በሦስተኛው ነው። አቶ ጎበና ከእንሰቱ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው፣ ጋሽ በራሶ የለቀሙትን ቅርጫት መሬት ላይ ዘርግፈው አረንጓዴውን ከቀዩ እየለዩ ነበር። አረንጓዴው ይበዛ ነበር።

«በራሶ፣» አሉ በመጨረሻ፣ «አንድ ነገር ልለምንህ። ልጄን ውሰድ፤ አንተ ግን ቅር።»

ወደ ዲላ ስንመለስ፣ ያን ያደረጉት ሆን ብለው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ቅር የተሰኙ መሰሉ። «የጌዴኦ ሰው አረንጓዴና ቀይ አይለይም ትያለሽ?» አሉና ዲላ እስክንገባ ወደ መስኮቱ ዞረው ተቀመጡ። ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም።

የካቲት ደረሰ። የውድድሩ መስመር ከዲላ ተነስቶ በወናጎ በኩል ይርጋጨፌ ደርሶ መመለስ ነበር። ጋሽ በራሶ ወሩን ሙሉ በመንገዱ ዳር ያሉትን ገበያዎችና ቤተ ክርስቲያኖች፣ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነገር የሚያዩባቸውን ሶንጎዎችም እየዞሩ አንድ መልእክት አደረሱ፤ ቅዳሜ ጠዋት ብስክሌት ያልፋል፤ እስኪያልፍ ሰውም ከብትም ከአስፋልቱ ይራቅ። ሕዝቡ እሺ አለ። ሶንጎ ላይ እሺ የተባለ ነገር ደግሞ በዚህ አገር አይታጠፍም።

በዕለቱ እኔ ከአዲስ አበባ ከመጣው የፌዴሬሽኑ የቴክኒክ ኃላፊ ጋር፣ መሪዎቹን በሚከተለው መኪና ውስጥ ነበርኩ። ኃላፊው ትሑትና ሥራውን የሚያውቅ ወጣት ነው። ጋሽ በራሶ የመንገድ ዳኛ ሆነው፣ ቀይ ባንዲራ ይዘው በሞተር ከፊት ይሄዱ ነበር። ቀይ ባንዲራ ከተነሳ ሁሉም ባለበት ይቆማል፤ መንገዱ ሲጸዳም በመካከላቸው የነበረው ርቀት ተጠብቆ ውድድሩ ይቀጥላል። ይህ የታወቀ ደንብ ነው።

በመልሱ ጉዞ ወናጎ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን ከፊት አራት ተወዳዳሪዎች ብቻ ነበሩ፤ አስቴር፣ ምሕረት፣ ሌላዋ የቡድናችን ልጅና አንዲት የሌላ ክልል ተወዳዳሪ። የቀሩት ርቀው ከኋላ ነበሩ። ከአራቱ ሦስቱ የኛ ናቸው። ኃላፊው ወደ እኔ ዞሮ፣ «እንኳን ደስ ያላችሁ ልበል?» አለኝ። እኔ በባሕርዬ ነገር ሳያልቅ የምደሰት ሰው አይደለሁም፤ በዚያች ቅጽበት ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

ከመታጠፊያው ስንወጣ አስፋልቱ በሰው ተሞልቶ አየን። ቀብር ነበር። የአካባቢው ትልቅ ሰው አርፈው አስከሬናቸው በትከሻ ተይዟል፤ መዘምራን ከፊት፣ ሕዝቡ ከኋላ። በኋላ እንደተረዳነው ለቀስተኛው በቃሉ መሠረት አስከሬኑን የጎን መንገድ ላይ አሳርፎ፣ ብስክሌቶቹ ወደ ይርጋጨፌ እስኪያልፉ ጠብቋል። አለፉ፤ እሱም መንገዱን ጀመረ። እስኪያልፍ ተባለ እንጂ ይመለሳል ያለው ሰው አልነበረም።

አስቴር ፍሬን ያዘች። ሦስቱም የኛ ልጆች አንድ ላይ ወረዱ፤ ሄልሜታቸውን አውልቀው፣ ብስክሌቱን ወገባቸው ላይ አስደግፈው፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። አስከሬን ሲያልፍ የመጨረሻው ለቀስተኛ እስኪያልፍ ይቆማል፤ ከልጅነታቸው ያዩት ይህንን ነው። አራተኛዋ ተወዳዳሪ ፍጥነቷን ቀንሳ ልጆቹን አየች፤ ከዚያ ወደ ዳኛው አየች። ባንዲራ አልተነሳም። አማትባ፣ በአስፋልቱ ዳር ቀስ ብላ አለፈች። ከኋላ የነበሩት የእንግዳ ቡድኖች ተወዳዳሪዎችም ሲደርሱ አንድ በአንድ እንደዚያው አለፉ። ማንንም አልነኩም፤ አንዳችም ነውር አልሠሩም። ውድድር ላይ ነበሩ።

ጋሽ በራሶን ፈለግኋቸው። ከሞተሩ ወርደው ኬፓቸውን አውልቀዋል። ራሳቸው መላጣ መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ባንዲራው በብብታቸው ሥር ተጠቅልሎ ነበር። የቴክኒክ ኃላፊውም ከመኪናው ወርዶ ቆሞ ነበር፤ ዓይኑን ግን ከባንዲራው ላይ አላነሳም።

ቀብሩ የትልቅ ሰው ነበርና ሕዝቡ ቶሎ አላለቀም። የመጨረሻዋ ለቀስተኛ በትር የያዙ አሮጊት ነበሩ። እሳቸው ሲያልፉ ልጆቹ ብስክሌታቸው ላይ ዘለው ወጡ። እስከ ዲላ የነዱትን አነዳድ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። አስቴር ሦስተኛዋን ከፊቷ እያየቻት አራተኛ ገባች።

ኃላፊው ጋሽ በራሶን ለብቻቸው አነጋገራቸው፤ እኔም በጸሐፊነቴ አጠገባቸው ነበርኩ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ እንዲያውም የሚለምን ይመስል ነበር።

«ጋሼ፣ ባንዲራውን ቢያነሱት ሁሉንም ባሉበት እናቆማቸው ነበር። ደንቡ ይፈቅዳል። አላስታወሱትም?»

«ረስቼ አይደለም። ብብቴ ሥር ነበር።»

«ታዲያ ለምን?»

ጋሽ በራሶ ልጆቹ ወዳሉበት አዩ። ምሕረት ሣር ላይ ተደፍታ ታለቅስ ነበር።

«ባነሳው ልጆቹ የቆመው ለባንዲራ ይሆን ነበር» አሉ። «የቆመው ለሰውዬው ነው። እኔ ምን አግብቶኝ መሐል ልግባ?»

 ኃላፊው ውጤቱን እንደተገኘው መዘገበ። ሌላ ማድረግ አይችልም ነበር፤ ጋሽ በራሶም ሌላ አልጠየቁትም።

እኔ ግን ተቆጥቼ ነበር። ወደ ከተማ ስንመለስ፣ የራስዎን ሕሊና ጠብቀው የልጆቹን ዓመት ወሰዱባቸው አልኳቸው። እንዲህ ያለ ቃል ለትልቅ ሰው ተናግሬ አላውቅም። ይከራከሩኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «እውነት ነው» አሉ፤ ቀጥለውም፣ «ብስክሌቱ ይመለሳልም ማለት ነበረብኝ። እሱ የኔ ጥፋት ነው» ብለው ጨመሩ። ስለ ባንዲራው ግን አንድም ቃል አልጨመሩም። የዚያን ቀን ማን ልክ እንደነበረ እስከ ዛሬ ቆርጬ መናገር አልችልም።

ሰኔ ላይ ለፌዴሬሽኑ የሚላከውን የዓመቱን የሥራ ክንውን ሪፖርት አዘጋጀሁ። ጋሽ በራሶ ሪፖርት ራሳቸው አያነቡም፤ እንዲነበብላቸው ይፈልጋሉ። «ያጋጠሙ ተግዳሮቶች» የሚለው ርእስ ላይ ስደርስ አስቆሙኝና ተግዳሮት ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁኝ። ችግር ማለት ነው አልኳቸው።

«እንግዲያው ችግር በይው። ችግር ሲሉት ሰው ይረዳል፤ ተግዳሮት ሲሉት ያጨበጭባል።»

አረምኩት። የመለዋወጫ እጥረቱን፣ የመንገዱን አደጋ፣ ሠልጣኞቹ በመመላለሻ መቸገራቸውን አነበብኩ፤ በየመሐሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። በመጨረሻ፣ «በውድድሩ ዕለት በመንገዱ ላይ የቀብር ሥነ ሥርዓት በማጋጠሙ» የሚለውን ጀመርኩ። እጃቸውን አነሱ።

«እሱን ከዚያ አውጪው።»

ይህ ካልተጻፈ ውጤቱ ያነሰበት ምክንያት እንደማይታወቅ፣ ፌዴሬሽኑም ምናልባት በልዩ ሁኔታ ሊያይልን እንደሚችል አስረዳኋቸው። የተናገርኩት ምክንያታዊ ነበር፤ አሁንም ይመስለኛል።

«መምህርት፣ የሰው አባት ነው እኮ። ችግር ውስጥ አትጻፊው።»

አወጣሁት። ወደ ፌዴሬሽኑ የሄደው «አራተኛ» የሚለው ብቻ ነው።

ሐምሌ ላይ ብስክሌቶቹን የሚወስድ መኪና መጣ። ልጆቹ ከማለዳ ጀምረው ሲያጥቧቸው ቆይተው ነበር። ጋሽ በራሶ እያንዳንዱን ጎማ እየተጫኑ፣ ፍሬኑን እየያዙ አረጋገጡ፤ ተረካቢው ዞን የተጣፈ ሰጡን ብሎ እንዳያማን፣ የነበራቸውን ጥቂት አዲስ ከመነዳሪም አስገጠሙ። የመኪናው መዝጊያ ሲዘጋ ወደ ልጆቹ ዞረው፣ ነገ ጠዋት እንደ ወትሮው እንዲመጡ ብቻ ነገሯቸው።

«በምን እንመጣለን ጋሼ?» አለች አስቴር።

«እግር የለህም?»

ማንም ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። በማግስቱ ለክረምት ተማሪዎች ለማስተማር በካፊያ ስወጣ ግን በዩኒቨርሲቲው ዳገት ላይ አየኋቸው። ጋሽ በራሶ ጃንጥላ ይዘው ከማዶ ቆመዋል። ልጆቹ የአስፋልቱን ዳር ይዘው፣ አንዷ ከሌላዋ ጀርባ ተጠግታ፣ በአንድ መስመር ይሮጡ ነበር። አንዲትም አልጎደለችም። ብስክሌተኞች ሲነዱ የፊተኛው ንፋሱን ለሌሎቹ እየከፈለ ጥቂት ይሄድና ሲደክመው ወደ ኋላ ይቀራል፤ ተከታዩ ይተካዋል። በእግሩ ለሚሮጥ ሰው፣ ያውም በዳገት፣ ይህ እምብዛም አይጠቅምም።

«ቀይር» አሉ ጋሽ በራሶ ከጃንጥላው ሥር።

አስቴር ወደ ጎን ወጥታ መስመሩን ሁሉ አሳለፈችና ከኋላ ተያያዘች፤ ምሕረት ፊት ወጣች።